ቁልፉ አዲስ አበባ፣ ቤቱ ቸሃ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በቅርቡ በአንባብያን ዓምዳችሁ ላይ አንድ ጸሐፊ፣ የቤት ኪራይና የኑሮ ውድነት ያስጨነቀው የከተማ ጡረተኛ ወደ ትውልድ ቀዬው ተመልሶ፣ ንጹሕ አየር እየተነፈሰና ከጓሮው እየተመገበ ቢኖር እንደሚሻለው መክረዋል። ጋዜጣው ወደ እኛ መንደር የሚደርሰው አንድ የሚኒባስ ሹፌር ሲያስታውሰኝ ብቻ ስለሆነ ዘግይቼ ብጽፍ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሁለተኛውን ጊዜ ያነበብሁት በእጅ ባትሪ ነበር፤ ያን ዕለት የመንደራችን መብራት ከጠፋ 19ኛ ቀኑ ነበርና።

ምክሩን በጅምላ አልቃወምም። እኔም ከአራት ዓመት በፊት፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለ34 ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት አገልግዬ ጡረታ በወጣሁ በስድስተኛው ወር ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ነገር ግን ጸሐፊው «የራስህ ቦታ፣ የራስህ ጓሮ፣ የራስህ አጥር» እያሉ በደጋገሙት ሐሳብ ከእርሳቸው እለያለሁ። በገጠር የራስ የሚባለው ነገር አዲስ አበባ ተቀምጠው ከሚያስቡት እጅግ ያነሰ ነው፤ የሚበዛው የጋራ ነው። ይህን ሳይረዳ የሚገባ ሰው ገንዘቡንም ጎረቤቱንም ያጣል፤ እኔም ሁለቱንም ላጣ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር።

የምኖረው በጉራጌ ዞን ቸሃ ወረዳ፣ ከእምድብር ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ያህል በሚያስኬድ መንደር ነው። አካባቢውን ለማያውቅ አንባቢ አቀማመጡን መግለጽ ይኖርብኛል፤ ከዚህ በታች የማነሣው ጉዳይ ሁሉ ከዚህ አቀማመጥ ጋር የተያያዘ ነውና። በእኛ አገር ቤቶች በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ተያይተው ይሠራሉ፤ በመካከላቸው ጀፎረ የሚባለው ሰፊ የሣር ሜዳ ከመንደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ይዘረጋል። ጀፎረ መንገድ ነው እንዳይባል ከመንገድ ይሰፋል፤ ሜዳ ነው እንዳይባል የሚያደርሰው ቦታ አለው። ጥጃ ይታሰርበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል፣ ሠርግ ይደገስበታል፣ ፈረስ ይጋለብበታል፣ ሽማግሌ ለዳኝነት ይቀመጥበታል፣ አስከሬንም በእርሱ ላይ ያልፋል። ከየቤቱ ኋላ እንሰት አለ፤ ለቤቱ የቀረበው እንሰት ፍግ ስለማይጎድልበት ይወፍራል፣ እየራቀ ሲሄድም ይቀጥናል። ከእንሰቱ ኋላ ጎመንና ድንች፣ ከዚያም እህል፣ በመጨረሻ ባሕር ዛፍ ይከተላል። በዚህ አሰላለፍ አንድ ሰው የፊቱ ከሁሉም ጋር፣ የጎኑ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር የተሳሰረ ነው፤ ለብቻው የሚሆንበት ማእዘን የለውም።

ስለ መሬቱ ከሕጉ ልጀምር። ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የገጠር መሬት የግል ንብረት መሆኑ ቀርቷል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጎ፣ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ለሚያቆመው ቋሚ ንብረት ግን ሙሉ መብት ሰጥቶታል። ይህ ድንጋጌ ወደ እኔ ኑሮ ሲመጣ፣ ቤቱ የእኔ ነው፣ ቤቱ የቆመበት መሬት ግን በሟች ታናሽ ወንድሜና በባለቤቱ ስም ነው። በይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ የሁለቱ ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጥፏል። እኔ በወጣትነቴ መንደሩን ለቅቄ ስሄድ ወንድሜ ከእናታችን ጋር ቀረ፤ መሬቱን አለማ፣ ግብር ከፈለ፣ እናታችንን ጦሮ ቀበረ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456፣ ምንም እንኳ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ ቢተካም፣ ይዞታ በውርስ የሚተላለፍለትን የቤተሰብ አባል ሲተረጉም ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት የሚኖረውንና መተዳደሪያውን የሚጋራውን ሰው ነበር ያሰበው። 34 ዓመት በወር ደመወዝ አዲስ አበባ የኖረ ወንድም በዚያ ትርጉም ውስጥ አይገባም፤ ባይገባም ፍትሐዊ ነው ባይ ነኝ። ስለዚህ «መሬቴ» የምለው የወንድሜ ሚስት ፈቅዳልኝ የተቀመጥሁበትን ቦታ ነው። «ጋሼ፣ ከዚህች ከአሮጌው ቤት ጎን ይሥሩ፤ ልጆቹም አጎት ያግኙ» ብላ ቦታውን በእግሯ ለክታ ያሳየችኝ እርሷ ናት። ብዙ የከተማ ወንድሞቼ የእናታቸው መሬት በራሱ ጊዜ ወደ እነርሱ የሚመጣ እየመሰላቸው መሠረት ያስቆፍራሉ፤ በኋላም በወንድማማች መካከል የሚነሣውን ክርክር ፍርድ ቤት ሄዶ ማየት ይቻላል።

ገብቼ በመጀመሪያው ዓመት ከፈጸምኋቸው ጥፋቶች ሁሉ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ የቢላዋው ነው። አንድ ጠዋት በእንሰቱ መካከል ስዘዋወር የአንዱ እንሰት የመካከል ቅጠል ቢጫ ሆኖ፣ ጫፉ ታጥፎ ተንጠልጥሎ አየሁ። ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁት፣ እጀታው ቀይ ፕላስቲክ የሆነ አዲስ የወጥ ቤት ቢላዋ ነበረኝ። ቅጠሉን ቆረጥሁና ጣልሁት። ሥራው ስለጣመኝ በዚያው ረድፉን እየተከተልሁ የደረቀውንም ያልደረቀውንም ቅጠል እያስተካከልሁ ሄድሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የጎረቤቴ ልጅ ቢላዋውን ተውሶኝ ወሰደው። ከጥቂት ወራት በኋላ አሥራ አንድ እንሰት በእኛ በኩል፣ ሦስት ደግሞ በጎረቤታችን በኩል ጠወለጉ። የወንድሜ ሚስት መጥታ አንዱን ከግንዱ አጋድማ ቆረጠችውና ከተቆረጠው ላይ እንደ ቅቤ የሚያዣውን ቢጫ ፈሳሽ በጣቷ እያሳየች፣ «ጋሼ፣ ቢላዋውን እሳት አሳይተውት ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። አላሳየሁትም። እሳት መታየት እንዳለበትም አላውቅም ነበር።

ይህ አጠውልግ የሚባለው የእንሰት በሽታ ነው። በባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን በሳይንስ ከታወቀ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቢሆነውም እስካሁን መድኃኒት አልተገኘለትም፤ የታመመውን ከነሥሩ ነቅሎ ርቆ መቅበርና የነካውን ስለት ሁሉ በእሳት መለብለብ ነው መላው። ጎመን ቢበላሽ በሁለት ወር ይተካል፤ እንሰት ግን ከቦታ ወደ ቦታ እየተዛወረ እየተተከለ ለመብል እስኪደርስ እንደየአገሩ ብርድና ሙቀት ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። እኔ በአንድ ጠዋት የገደልኋቸው ወንድሜ ከመሞቱ በፊት የተከላቸውን ነበር። ለሦስቱ እንሰት ካሣ ልክፈል ብዬ ወደ ጎረቤቴ ገንዘብ ይዤ ሄድሁ። አባወራው ገንዘቡን አይተው፣ በጉራጌኛ ያሉኝን ወደ አማርኛ ስመልሰው፣ «ይህ አይተከልም» ብለው መለሱልኝ። በመጨረሻ ከእኛ ጓሮ ለመድረስ የተቃረቡ ሦስት እንሰቶች በወንድሜ ሚስት ፈቃድ ተሰጧቸው። የጥፋቱ ባለቤት እኔ፣ ካሣ ከፋይዋ እርሷ መሆኗን ልብ ይሏል።

ባሕር ዛፉም ከዚህ ብዙ አይለይም። በምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ገብቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያወጣው ይህ ዛፍ ለእኛም አካባቢ የገንዘብ ምንጭ ነው፤ ነጋዴው መኪናውን ይዞ መጥቶ የቆመውን ይገዛል። እኔ እንደ ልማዴ ወረቀት አውጥቼ የ400 ችግኝ ዋጋና ከአምስት ዓመት በኋላ የሚኖረውን የአጣና ገበያ አሰላሁ። ሒሳቡ ያምር ነበር። ያላሰላሁት ችግኞቹን በደረደርሁበት ወሰን ሥር የሦስት ቤት ድንችና ከዚያ ዝቅ ብሎ ሃያ ሁለት አባወራ የሚቀዳበት ምንጭ መኖሩን ነው። ሽማግሌ ተላከብኝ። ከተቀመጡት አንዱ ያሉኝ ይህን ብቻ ነበር፤ «አንተ ዛፍህን ስትሸጥ እኛ ምን እንጠጣለን?» ምንጩ አጠገብ የነበሩትን ከመቶ በላይ ችግኞች በራሴ እጅ ነቀልኋቸው።

ጸሐፊው የገጠር ኑሮ ርካሽ ነው ብለዋል። በሒሳብ ሠራተኛነት ልማድ ከገባሁበት ቀን ጀምሮ ወጪዬን የምመዘግብበት ደብተር አለኝ፤ ከዚያ ላይ ጥቂት ልጥቀስ። በመጀመሪያው ዓመት 23 ለቅሶ ደርሻለሁ፣ ዘጠኝ ሠርግ ተጠርቻለሁ። ለሁለት እድር፣ ለትምህርት ቤት አጥር፣ ለመንገድ ጠጠር፣ ለቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ ለሁለት ተማሪዎች ደብተርና ጫማ፣ በሬው ገደል ለገባበት ጎረቤት መዋጮ ከፍያለሁ። ደምሬ ሳየው ከአምስት ወር ጡረታዬ በለጠ። ጎመንና ቆጮ አልገዛሁም፤ እውነት ነው። ነገር ግን ከከተማ የመጣ ሰው ጡረታ እንጂ ሀብት እንደሌለው ለመንደሩ ለማስረዳት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እስከ ዛሬም ሙሉ በሙሉ ያመኑኝ አይመስለኝም።

መዋጮው ወዴት እንደሚሄድ የገባኝ ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ነው። ሌሊት አራት ሰዓት ገደማ ሆዴን በቀኝ በኩል ይወጋኝ ጀመር፤ እየባሰብኝ ሄደ። ዝናብ እየዘነበ ስለነበር ባጃጅ ከዋናው መንገድ ወደ እኛ መግባት አልቻለም። የወንድሜ ሚስት ልጅ ወደ ጀፎረው ወጥቶ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ከየቤቱ ሰው ወጣ። ስምንት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመውኝ፣ ሁለቱ ባትሪ ይዘው ከፊት እየመሩ፣ ጭቃው እስከ ቅልጥማቸው እየዋጣቸው ወደ መንገዱ ተጓዝን። ከተሸካሚዎቹ አንዱ እንሰታቸውን ያጠፋሁባቸው የጎረቤቴ ታላቅ ልጅ ነበር። በመጀመሪያ በደረስንበት የጤና ተቋም መብራት አልነበረም፣ ሐኪሙም ለሥልጠና ሄደዋል ተባልን፤ አምቡላንስ እስኪመጣ ነጋ። ትርፍ አንጀቴ በወጣ በሁለተኛው ቀን ያወጡልኝ ሐኪም፣ ጥቂት ሰዓት ብንዘገይ ኖሮ ይፈነዳ እንደነበር ነገሩኝ። አዲስ አበባ ብሆን በግማሽ ሰዓት ሆስፒታል እደርስ ነበር፤ ሌሊት በሬን አንኳኩቶ የሚሸከመኝ ስምንት ሰው ግን በኖርሁበት ኮንዶሚኒየም አላገኝም ነበር፤ ከፎቄ በላይ ያሉትን ሰዎች ስም እንኳ አላውቅምና። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ይህ ይበልጣል ማለት አልቻልሁም። ስለ ንጹሕ አየር የጻፉት የዓምዳችሁ ጸሐፊ ግን ስለ ርቀት አንድ መስመር እንኳ አለመጻፋቸው አስገርሞኛል፤ የደም ግፊት ክኒን በየቀኑ የሚውጥ ጡረተኛ ከአየሩ በፊት ማወቅ ያለበት መድኃኒት ቤቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ነው።

ቤተሰብን በሚመለከትም ያልተነገረ ዋጋ አለ። ባለቤቴ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ናት። እንሰት መፋቅ በእኛ ባህል የሴቶች ሥራ ነው፤ ግንዱን በተጋደመ እንጨት ላይ ደግፎ፣ በቀርከሃ እየፋቁ፣ ቃጫውን ለይቶ፣ ሥሩን ወቅጦ፣ በኮባ በተሸፈነ ጉድጓድ አብላልቶ ለወራት የሚጠበቅ ነገር ነው። አንድ ጠዋት ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ሞከረች። እነርሱም ሳቁ፣ እርሷም ሳቀች፤ በማግስቱ ግን ወገቧን ቀና ማድረግ አልቻለችም። ዛሬ የምንበላውን ቆጮ የሚያዘጋጁት የወንድሜ ሚስትና ጎረቤቶቿ ናቸው፤ «ከጓሮዬ እበላለሁ» ማለት በእኔ ቤት በሌላ ሰው ወገብ እበላለሁ ማለት ነው። ባለቤቴ ለመስቀል፣ ለገናና ለፋሲካ ትመጣለች፤ በቀረው ጊዜ ከልጆቻችን ጋር ናት። ስልክ የሚሠራው ከቤቴ ሁለት መቶ እርምጃ ርቆ ከዝግባው ሥር ስለሆነ፣ ማታ ማታ ስለ ቤታችን ጉዳይ የምንነጋገረው ግማሽ መንደር እየሰማ ነው። ምስጢር የሚባል ነገር አልቀረልኝም። ከእምድብር ስመለስ የገዛሁት ሥጋ ስንት ኪሎ እንደሆነ እኔ ቤት ከመድረሴ በፊት ይታወቃል።

ጸጥታም ቢሆን እንደሚወራለት አይደለም፤ ማታ ጅብ፣ ሌሊት ውሻ፣ ንጋት ላይ ዶሮ፣ በክረምት ደግሞ ራሴ ያሠራሁት የቆርቆሮ ጣሪያ አለ። ዝናቡ ሲወርድበት ሬዲዮ አይሰማም። ከጎኔ ያለው የወንድሜ ሚስት የሣር ቤት ማታ ሙቅ፣ ቀን ቀዝቃዛ ነው፤ እኔ ግን ከአዲስ አበባ የመጣሁ ሰው በመሆኔ ሣር ቤት መግባት ውርደት መስሎኝ ነበር።

አሁን ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ወዳነሣሣኝ ዋና ጉዳይ እገባለሁ። የጸሐፊውን ምክር ግማሹን ብቻ የተቀበሉ፣ ማለትም ቤቱን ሠርተው መኖሩን ያልፈለጉ ወገኖቻችን እየበዙ መጥተዋል። በእኛ ጀፎረ ግራና ቀኝ 31 ቤቶች አሉ። ከእነዚህ ዘጠኙ አዲስ አበባ የሚኖሩ የመንደሩ ልጆች ያሠሯቸው የብሎኬት ቤቶች ሲሆኑ፣ ሰባቱ ከመስቀል ሳምንት በስተቀር ዓመቱን ሙሉ ተቆልፈው ይቀመጣሉ። መስቀል ሲደርስ በሮቹ ይከፈታሉ፣ ሠንጋው ይታረዳል፣ ክትፎው ይቀርባል፣ መኪኖች ጀፎረውን ይሞሉታል፤ ደስታው እውነተኛ ነው፣ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ የናፈቅሁት ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን በሩ ይዘጋል፣ ቁልፉም ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል።

የተቆለፈ ቤት ጉዳቱ ለባለቤቱ ብቻ ቢሆን አልጽፍም ነበር። የተቆለፈ ቤት ለቅሶ አይደርስም፣ ቃሬዛ አይሸከምም፣ ደቦ አይወጣም፣ ሌሊት ሲጮህ አይሰማም። ከብት ስለሌለው ፍግ የለውም፤ ከኋላው ያለው እንሰት ይቀጥናል፣ ከዚያም የጃርትና የፍልፈል ቀለብ ይሆናል፤ ጃርቱ የዚያን ቤት እንሰት ጨርሶ አያቆምም፣ ወደሚቀጥለው ጓሮ ይሻገራል። ባለፈው ጥቅምት በአንድ ሌሊት የስድስት እንሰት ሥር ተቆፍሮ የተበላብን ከእንደዚህ ዓይነቱ ባዶ ጓሮ በመጣ ጃርት ነው፤ በአፈሩ ላይ የወደቀውን ጥቁርና ነጭ እሾህ የወንድሜ ልጆች ሰብስበው እስከ ዛሬ ይጫወቱበታል።

ከሁሉ የከፋው ጀፎረውን የሚመለከተው ነው። ከዘጠኙ የብሎኬት ቤቶች አራቱ መኪና ማቆሚያ ለማግኘት የድንጋይ አጥራቸውንና የብረት በራቸውን ወደ ጀፎረው ገፍተው ሠርተዋል። አንዱ ሦስት ሜትር፣ ሌላው አምስት ሜትር ገፋ፤ ከፊት ለፊት ያለው ደግሞ «እርሱ ከገፋ እኔስ» ብሎ ገፋ። በቂጫ፣ ማለትም በአባቶቻችን የሽምግልና ሕግ፣ ጀፎረ መድፈር ከባድ ጥፋት ነው፤ ደፋሪው አጥሩን ከማፍረስ በተጨማሪ ይቀጣል። ታዲያ ሽማግሌዎቹ ለምን ዝም አሉ? ዝም ያሉበትን ምክንያት በሸንጎ ተቀምጬ አይቻለሁ። ለትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ የሰጠን፣ ለመንገዱ ጠጠር ያስደፋን፣ ለመስቀል ለእያንዳንዱ ሽማግሌ ጋቢ የሚያመጣን ሰው «አጥርህን መልስ» ማለት ይከብዳል። የአካባቢያችን ተወላጆች ለአገራቸው መንገድ ማሠራት የጀመሩት ዛሬ አይደለም፤ በ1950ዎቹ ገንዘብ አዋጥተው የጉራጌ መንገድ ሥራን ያቋቋሙት አባቶቻችን እስከ ዛሬ በምስጋና ይነሣሉ። እነዚያ አባቶች ግን መንገድ አወጡ እንጂ መንገድ አላጠበቡም።

ስለዚህ በጋዜጣችሁ በኩል የማቀርበው ጥያቄ አለኝ። የወረዳው የመሬት አስተዳደር ባለሙያዎች የግለሰቦችን ይዞታ ሲለኩ የእያንዳንዱን አባወራ ድንበር በጥንቃቄ ያሰፍራሉ፤ ጀፎረው ግን በካርታው ላይ በይዞታዎች መካከል የተረፈ ባዶ ቦታ ሆኖ ይታያል። ባዶ ቦታ ደግሞ ባለቤት እንደሌለው ይቆጠራል። ሕጉ የወል ይዞታ የሚባል ነገርን የሚያውቅ እንደመሆኑ፣ ጀፎረው ስፋቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተለክቶ በመንደሩ ስም በወል ይዞታነት ቢመዘገብ፣ ሽማግሌው በጋቢ ምክንያት ሊናገረው ያልቻለውን ካርታው ይናገርለታል። አዲስ አበባ ያሉት የልማት ማኅበሮቻችንም በየዓመቱ ከመስቀል በፊት በሚያደርጉት ስብሰባ ላይ መዋጮ ከመጠየቃቸው ጎን ለጎን ይህን አጀንዳ ቢያስገቡት፣ ከእኛ ይልቅ የእነርሱ ቃል ይሰማል።

ለባለ ቁልፎቹም በአክብሮት የምለው አለኝ። በትምህርት ቤታችን ከሚያስተምሩት መምህራን አብዛኞቹ እምድብር ጠባብ ክፍል ተከራይተው በየቀኑ ሁለት ሰዓት በእግር ይመላለሳሉ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛችን የምታድረው በዘመድ ቤት ነው። ሳሎኑን ዘግታችሁ አንዲት ክፍል ብትከፍቱላቸው በሩም ይታያል፣ ጓሮውም ሰው ያገኛል፣ ሌሊት የሚጮህም ሲኖር የሚወጣ አንድ ሰው ይጨመራል። ለእናንተም ቢሆን ቤቱ ሰው ካለበት የዘበኛ ደመወዝ ይቀርላችኋል።

ይህን ሐሳብ ባለፈው እሑድ በእድራችን ስብሰባ ላይ በሰፊው አስረዳሁ። ንግግሬን ስጨርስ ከኋላ የተቀመጡት አንድ የሰማንያ ዓመት አዛውንት ሳቁና ገመድ አምጡ አሉ። «እንግዲህ ከአንተ እንጀምር» ብለው ከፊት ለፊቴ ካለው ቤት ምሰሶ ሥር ተነሥተው እስከ አጥሬ ድረስ ለኩ። እኔ አጥሬን የሠራሁት በልጅነቴ የማስታውሰውን የድሮ ጽድ ምልክት አድርጌ ነበር፤ ያ ጽድ ግን ከሠላሳ ዓመት በፊት ተቆርጦ፣ አሁን ያለው ከእርሱ ፊት ለፊት በኋላ የበቀለ ሌላ ጽድ ኖሯል። ሁለት ሜትር ከአንድ ክንድ ጀፎረ ውስጥ ገብቻለሁ። የወንድሜ ሚስት ይህን ከመጀመሪያው ታውቅ እንደነበር፣ «ጋሼን እንዴት ብዬ ልናገር» ብላ እንደተወችው በዚያው ቀን ሰማሁ።

ሦስቱን ቋሚዎች ትናንት ነቅያለሁ፤ አራተኛው በሲሚንቶ ስለተተከለ የሰው እርዳታ ይፈልጋል። ለአዲሱ አጥር ያዘጋጀኋቸው የጽድ ችግኞች ክረምቱ ሳይወጣ መተከል ስላለባቸው ደብዳቤዬን በዚህ አበቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ስሜ በዝግጅት ክፍሉ የሚታወቅ ጡረተኛ
ቸሃ ወረዳ፣ ነሐሴ